ክሪታ ለልጆች መጽሐፍ ጀማሪ ሰዓሊ፦ በነጻ የሚገኝ፣ ለሥራ የሚበቃ

የልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሥራት የሚፈልግ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በምን ልሥራ?" ብሎ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ "አይፓድ ግዛና ፕሮክሪዬት ጫን" ይሆናል። ፕሮክሪዬት ጥሩ መተግበሪያ ነው። ዋጋውም አንዴ 13 ዶላር ገደማ ከተከፈለ ያልቃል። ግን ዋናው እትም የሚሠራው አይፓድ ላይ ብቻ ነው፤ አይፓድ ከነእስክሪብቶው አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እንደሚጠራ ደግሞ አንዴ ዋጋ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። ፎቶሾፕም እያደስን የምንከፍልበት ነው፣ ለዚያውም ውጭ አገር በሚሠራ ካርድ። ካርዱ የሌለው ልጅ ክራክ (ክፍያው የተሰበረበት የተሰረቀ እትም) ፍለጋ ይገባና ከነቫይረሱ ይጭናል። ወይም "ዕቃው ሲሟላልኝ እጀምራለሁ" ብሎ ይተወዋል። ይሄ ሁለተኛው በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፤ ለልጆቻችን መጽሐፍ የሚሥል ሰው ገና ብዙ ያስፈልገናል።

ለዚህ ነው ስለ ክሪታ መጻፍ የፈለግኩት። ክሪታ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ለመሥራት ተብሎ የተሠራ ነጻ መተግበሪያ ነው። "ነጻ" ስል የ30 ቀን ሙከራ ማለቴ አይደለም። አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ሥዕላችሁ ላይ ማኅተም አያሳርፍም፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የሠራችሁት ሥዕል የእናንተ ነው፣ መሸጥም ትችላላችሁ። ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ኬዲኢ በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ዛሬ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተቋቋመ ክሪታ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ይደግፈዋል። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአንድሮይድ ታብሌት እትምም አለው። እኔ የተጠቀምኩት 5.2 የተባለውን እትም፣ ዊንዶውስ ባለው ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ነው። እጄ ላይ ያለው የሥዕል ታብሌትም (ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ የመሣያ ሰሌዳ) ስክሪን የሌለው፣ ከጠረጴዛ ላይ እየሣላችሁ ሥዕሉን ላፕቶፑ ላይ የምታዩበት ርካሹ ዓይነት ነው።

ታብሌቱን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ክሪታን ጭኖ ብዕሩን ተጭኖ ሲሥል መስመሩ እንደማይወፍርና እንደማይቀጥን ያይና "መተግበሪያው አይሠራም" ብሎ ያጠፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማስተካከያ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ታብሌት የሚያወራ ገጽ አለ፤ እዚያ ዊንታብ እና ዊንዶውስ ኢንክ የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። በአንዱ ካልሠራ ወደ ሌላው ቀይሩና ክሪታን ዘግታችሁ ክፈቱ። የታብሌቱን ድራይቨርም ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ሁዪዮን፣ ኤክስፒ ፔንም ሆነ ዋኮም ትናንሾቹ ታብሌቶች ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። እጅን ሳያዩ፣ ስክሪኑን እያዩ መሣል መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ግን ይለመዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ብሩሹ እንሂድ። ክሪታ ገና ሲከፈት ከመቶ በላይ ብሩሽ ይዞ ነው የሚመጣው። እርሳስ አለ፣ የቀለም እስክሪብቶ አለ፣ ጠመኔ አለ፣ የውኃ ቀለም የሚመስል አለ፣ እርጥብ የዘይት ቀለም የሚያዋህድ አለ። እርሳሶቹን በጣም ወድጃቸዋለሁ። ብዕሩን ጋደል ስታደርጉት (ታብሌታችሁ መጋደልን የሚያውቅ ከሆነ) እንደ እውነተኛ እርሳስ ጎኑ ያጠቁራል። እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ደግሞ መስመሩን የሚያረጋጋለትን ማስተካከያ ያብራ። ዓይንና ከንፈር ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከዚህም በላይ ዴቪድ ሬቮይ የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓሊ በክሪታ ሲሠራባቸው የኖረውን ብሩሾች ለሁሉም በነጻ አካፍሏል። እነሱን አውርዶ መጨመር ይቻላል። ግን እባካችሁ ብሩሽ በመሰብሰብ ጊዜ አትፍጁ። ለአንድ መጽሐፍ አራት አምስት ብሩሽ ይበቃል፤ እንዲያውም ብሩሹ ሲያንስ የመጽሐፉ ሥዕሎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ የአንድ ሰው እጅ መሆናቸው ይታወቃል።

የእኛን ልጆች ስትሥሉ ክሪታ ምን ያህል ያግዛል? ይሄ ለእኔ ትልቁ መመዘኛ ነበር። ለምሳሌ የቆዳ ቀለም። ጀማሪ የጠይም ልጅ ፊት ላይ ጥላ ሲያሳርፍ ጥቁር ይጨምራል፣ ፊቱም አመድ የነካው ይመስላል። መደረግ ያለበት ጥላውን ወደ ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ዘንበል ማድረግ ነው። ክሪታ ላይ በቀኝ ክሊክ (ወይም በብዕሩ ቁልፍ) ክብ ፓሌት ይወጣል፤ መሀሉ የቀለም ክብ፣ ዙሪያው የመረጣችኋቸው ብሩሾች። ቀለሙን ዞር እያደረጉ ጥላ መፈለግ እዚያው ሥዕሉ ላይ ይሆናል፣ ሜኑ ውስጥ መግባት የለም። ከብዙ መተግበሪያ የምመርጠው በዚህ ነው።

ጸጉር ላይ ግን አልረካሁም። አብረው የሚመጡት ብሩሾች ለሉጫ ጸጉር ያመቻሉ እንጂ ጎፈሬ፣ ሹሩባ ወይም ቁንጮ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ አላገኘሁም። ደግነቱ የራስን ብሩሽ መሥራት ቀላል ነው። ጥቂት ጥቅልል መስመሮችን ነጭ ገጽ ላይ ትሥላላችሁ፣ እሷን የብሩሽ ጫፍ ታደርጓታላችሁ፣ መጠኗና አቅጣጫዋ በዘፈቀደ እንዲለዋወጥ ታዛላችሁ። ጎፈሬው በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ብሩሹም ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይቀመጣል።

ሌላው በጣም ያስደሰተኝ ነገር ኪቦርድ ላይ ደብሊውን ስትጫኑ የሚመጣው ነው። ሸራው፣ ማለትም የምትሥሉበት ገጽ፣ በአራቱም አቅጣጫ ራሱን እየደገመ ይዘረጋል። በቀኝ በኩል የወጣው መስመር በግራ ይገባል። ታዲያ የጥበብ ጠርዝ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? አንዷን ቁራጭ ትሠራላችሁ፣ ሳይቆራረጥ የሚቀጥል ጥለት ይሆንላችኋል። የእናት ነጠላ፣ የአያት ቀሚስ፣ የገጹ ጠርዝ፣ የመሶቡ ስፌት፣ ሁሉም በዚህ ይሠራል። በመስተዋት የሚያባዛ መሣሪያም አለው፤ አንድ ሩቡን ስትሥሉ መስቀል ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ኤም የምትለዋን ፊደል ስትጫኑ ደግሞ ሥዕሉ በሙሉ እንደ መስተዋት ይገለበጣል። የተጣመመ ፊት፣ ከፍና ዝቅ ያለ ዓይን ካለ ያኔ ያጋልጠዋል። ይቺን ቁልፍ ሁልጊዜ ተጠቀሙባት።

ቀለም የመሙላት ሥራን በተመለከተ ከለራይዝ ማስክ የሚባል መሣሪያ አለ። በመስመር የተሠራውን ሥዕል ትሰጡታላችሁ፣ ፊቱ ላይ ቡናማ ጫር፣ ቀሚሱ ላይ ነጭ ጫር፣ ሰማዩ ላይ ሰማያዊ ጫር ታደርጋላችሁ፤ እሱ ድንበሩን ራሱ አውቆ ይሞላዋል። መስመሩ ትንሽ ክፍተት ቢኖረው እንኳ ብዙ ጊዜ አይፈስም። ይሄ በጠንካራ መስመርና በደማቅ፣ ወጥ ቀለም ለሚሠራ ሰው ትልቅ ጊዜ ይቆጥባል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስቡ። ወፍራም መስመር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ወጥ ቀለም። በባህላዊው የሸራ ሥዕልም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተደረደሩ ትናንሽ ሥዕሎች ሲተርኩት ኖረዋል። በሥዕል ታሪክ መንገር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው። ደጉን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሉት የነበረው ዘዴ ለልጆች መጽሐፍ እንዴት እንደሚያምር ሞክራችሁ እዩት! ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትልቅ ሸራ ላይ ይሄ መሣሪያ ይዘገያል፣ ላፕቶፑም ያቃስታል።

ስለ ትልቅ ሸራ ካነሳን ወደ ድክመቶቹ እንግባ። አንድ የልጆች መጽሐፍ ገጹ 21 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ግራና ቀኝ ገጽ አብሮ ሲሣል 42 በ21 ይሆናል። ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። ይሄ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 5,000 በ2,550 ፒክስል ነው። እንግዲህ በዚህ መጠን እያንዳንዱ ሙሉ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር የሥዕል ንብርብር) 50 ሜጋባይት ገደማ ራም ይይዛል። ሃያ ሌየር ከከፈታችሁ አንድ ጊጋ ሄደ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ መመለሻውን ሳይጨምር። ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ መንተባተብ ይጀምራል። 8 ጊጋ ካላችሁ ይሠራል፣ ግን ያለቀላቸውን ሌየሮች እያዋሃዳችሁ ሂዱ። ማሽኑ ደካማ ከሆነ ንድፉን በትንሽ መጠን ጨርሱትና ለመጨረሻው ሥራ ብቻ አሳድጉት። ትንሽ አድርጎ ቀለም ቀብቶ በኋላ ማሳደግ ግን አይሆንም፤ ሲታተም ይደበዝዛል።

የአንድሮይዱን እትምም አይቼዋለሁ። ብዕር ባለው ታብሌት ላይ ለንድፍ ጥሩ ነው፤ ሜኑዎቹ ግን ለማውስ የተሠሩ ናቸውና ለጣት ይደቃሉ። ስልክ ላይ አትድከሙበት፣ ለዚያ አልተሠራም። ሙሉ የመጽሐፍ ገጽ በሙሉ መጠን ለመጨረስም ኮምፒውተሩን እመርጣለሁ።

መብራት ጠፍቶ ሥራ እንዳይጠፋስ? ክሪታ በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ ያስቀምጣል። ድንገት ከጠፋ በሚቀጥለው ሲከፈት "ይሄን ላድንልህ?" ብሎ ይጠይቃል። የሚያስቀምጥበትን የጊዜ ልዩነት ግን ራሳችሁ አሳጥሩት፣ በተለይ የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ከሆነ። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤስ አብራችሁ ስትጫኑ ደግሞ በአሮጌው ላይ ሳይጽፍ አዲስ ቁጥር ያለው ፋይል ያስቀምጣል። ደንበኛ "የበፊተኛው ይሻል ነበር" ሲል ይሄ ያድናችኋል። ይላል ደግሞ!

ትልቁ ድክመቱ ጽሑፍ ነው። አማርኛ ይጽፋል፣ ኖቶም ሆነ አቢሲኒካ ፎንት ላይ ፊደሉ በትክክል ይወጣል። ግን 5.2 ላይ የምትጽፉት በሌላ ትንሽ መስኮት ውስጥ ነው፣ አንቀጽ ማስተካከሉም አሰልቺ ነው። እኔ የምለው ግን ጭራሽ ጽሑፉን ክሪታ ውስጥ አትጻፉት ነው። ሥዕሉ ውስጥ የተቀላቀለ ጥቁር ፊደል ሲታተም ከአራቱም የማተሚያ ቀለሞች ተደባልቆ ይወጣል፤ ሳህኖቹ (ማተሚያው ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ የሚጠቀምባቸው ብረቶች) በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከተዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያበጃል። ፊደል ገና እየለየ ላለ ልጅ ደግሞ "ሀ"ን ከ"ህ" የምትለየው ያቺ ትንሽ ቅጥያ መደብዘዝ የለባትም። ስለዚህ ሥዕሉን ክሪታ ላይ ጨርሱና ጽሑፉን ስክራይበስ ላይ አስቀምጡ። እሱም በነጻ የሚገኝ የገጽ ማቀናበሪያ ነው፤ ለማተሚያ ቤት የሚሆን ፒዲኤፍ ያወጣል። ጽሑፉ ለብቻው ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው። ያው መጽሐፍ ነገ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ሲታተም ሥዕሉ ሳይነካ ጥቁሩ ሳህን ብቻ ይቀየራል። ለዚህ ሲባል ንድፍ ስታወጡ ለጽሑፉ ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። አፋን ኦሮሞ በላቲን ሲጻፍ ፊደሎቹ ስለሚደጋገሙ ቃሉ ይረዝማል፤ ለአማርኛ የበቃው ቦታ ላይበቃው ይችላል።

ክሪታ የመጽሐፉን ገጾች በሙሉ በአንድ ፋይል የመያዝ ነገርም የለውም። እያንዳንዱ ገጽ ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ለኮሚክስ የተሠራ የገጽ ማደራጃ ተጨማሪ አለው፣ ለልጆች መጽሐፍም ያገለግላል፣ ግን ለጀማሪ ያደናግራል። በየገጹ ቁጥር የተሰየመ ፎልደር ይበልጣል።

አሁን ስለ ህትመት ቀለም። ይሄ ክፍል ላይ ክሪታ ከብዙ ነጻ መተግበሪያዎች ይበልጣል፤ ሲኤምዋይኬን፣ ማለትም ማተሚያ ቤት የሚጠቀምባቸውን አራት ቀለሞች (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) ያውቃል። ስክሪን ላይ የምናየው ብርሃን ነው፣ ወረቀት ላይ የሚወጣው ደግሞ የአራት ቀለሞች ድብልቅ። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚያበራ ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ አያበራም። የመስከረም ሜዳ ስትሠሩ ይሄ በደንብ ይታያል። የአደይ አበባው ቢጫ ብዙም አይጎዳም፣ ቢጫ ራሱ ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች አንዱ ነውና። ከኋላው ያለው የሚያበራ አረንጓዴ ግን ይጠወልጋል፣ ደማቁ ሰማያዊም እንዲሁ። ክሪታ ላይ ኮንትሮልና ዋይ ስትጫኑ ሥዕሉ ሲታተም ምን ሊመስል እንደሚችል ያሳያችኋል። ሺፍት ስትጨምሩበት ደግሞ ማተሚያው የማይደርስባቸውን ቀለሞች ነጥሎ ምልክት ያደርግባቸዋል። ሥዕሉ ሳያልቅ ገና በመሀል ደጋግማችሁ እዩት። ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበትን የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሞቹ በዚያ ማተሚያ እንዴት እንደሚወጡ የሚገልጽ ፋይል) ጠይቃችሁ ካገኛችሁ እሱን አስገቡ። የመጨረሻውን ፋይል ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አውጡት፤ ሌላው የተለመደው ዓይነት፣ ፒኤንጂ፣ ሲኤምዋይኬን አይዝም። ከዚያም ሙሉው መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ በዚያው ወረቀት እንዲያወጡላችሁ ለምኑ። አንድ ማተሚያ ቤት "አያስፈልግም፣ እንደምታዪው ነው የሚወጣው" ብሎ የመለሳት ሰዓሊ አውቃለሁ፤ የልጆቹ ፊት ሁሉ ቀልቶ ወጣ። እንደዚያ የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ለጀማሪ ሌላ አንድ ነገር ላንሳ፣ ክሪታም ስለሚያግዝበት። አሳታሚ ሥራችሁን ሲያይ አንድ የሚያምር ሥዕል አይደለም የሚፈልገው። ያው ልጅ ገጽ 3 ላይም ገጽ 20 ላይም ያው ልጅ ሆኖ ይታያል ወይ? ሲሮጥ፣ ሲያለቅስ፣ ከኋላ ሲታይ፣ ከአያቱ ጎን ሲቆም ይታወቃል ወይ? ይሄን ነው የሚመዝነው። ስለዚህ መጀመሪያ የገጸ ባህሪውን ገጽ ሥሩ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ እየሳቀ፣ ተቆጥቶ። ክሪታ ማጣቀሻ ሥዕሎችን ከሸራው ዳር እንድትሰኩ ይፈቅዳል፤ ያቺን ገጽ እዚያ ለጥፋችሁ ሥሩ። ልጁ ገጽ 20 ላይ ሌላ ልጅ አይሆንባችሁም።

ታሪክ የላችሁም? አያ ጅቦና እመት ጦጢት አሉላችሁ፣ የማንም ንብረት አይደሉም። ከነሱ አንዱን ተረት ውሰዱና በ16 ገጽ ከፋፍሉት። በስቴፕል የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በ4 መካፈል ስላለበት 16ም ሆነ 24 ይሆናል። መጀመሪያ ሁሉንም ገጽ በቴምብር ያህል መጠን በአንድ ወረቀት ላይ ንደፉት፣ በተራ እርሳስ። ጅቡ ሁሌ ከቀኝ ነው የሚመጣው? ሁሉም ገጽ ላይ ሰዎቹ እኩል ናቸው? ቅርብ የሆነ ፊት አለ? ይሄ ሲታይ ነው መጽሐፉ የሚስተካከለው። ከዚያ ሦስት አራቱን ገጽ ብቻ እስከ መጨረሻው ቀለም አልብሷቸው። ለአሳታሚ የሚታይ ሥራ ማለት ይሄ ነው። ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይም ማንም እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ የልጆች ታሪኮች አሉ፣ አማርኛም ጭምር። ሌሎች ሰዓሊዎች ያንኑ ዓይነት ታሪክ እንዴት እንደከፋፈሉት ለማየት ጥሩ ናቸው።

ክሪታን ለማን እመክራለሁ? ኮምፒውተር ላለው፣ አይፓድ ለመግዛት አቅም ለሌለው፣ በእርሳስና በብሩሽ ሲሠራ ለኖረ ሰው ሙሉ በሙሉ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተለይ ብሩሾቹ ይስማሟቸዋል። አይፓድና ፕሮክሪዬት ካላችሁና ከለመዳችሁት ግን ለመቀየር ምንም ምክንያት የለም። በቬክተር፣ ማለትም በቅርጽና በነጥብ የምትሠሩ ከሆነም ኢንክስኬፕ ይሻላችኋል፤ እሱም ነጻ ነው።

ስታወርዱ ከራሱ ድረ ገጽ፣ ከክሪታ ዶት ኦርግ አውርዱ። እንደ ስቲምና ማይክሮሶፍት ስቶር ባሉ የታወቁ የመተግበሪያ መሸጫዎች ላይ በገንዘብ ይሸጣል፤ ያ ክፍያ ለሚሠሩት ሰዎች መደገፊያ እንዲሆን ነው እንጂ መተግበሪያው ያው ነው። ሌላ ቦታ "ሙሉ እትም" እያለ የሚያስከፍል ካያችሁ እለፉት።